ቀኑ ጠፍቶ ጥጃዋ የምትታወስበት ሠርግ

ባለፈው እትም አንባቢዎቻችን የገጠር አያቶቻቸው እንዴት እንደተጫጩና እንደተጋቡ ሲያጠኑ ምን እንደቸገራቸው እንዲጽፉልን ጠይቀን ነበር። ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች ስድስቱን መርጠን እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ አያቴ የተዳረችው ደደር አጠገብ ገጠር ነው። ዓመቱን ስንጠይቃት «ዘመኑ ሉቃስ ነበር፤ እሑድ ተዳርኩ፣ በማግሥቱ አስተርዮ ማርያም ነበረች። ጣሊያን ሲወጣ ጥጃ እጠብቅ ነበር» ትለናለች። መታወቂያዋ ላይ የተወለደችው በ1917 ነው ይላል። አቦ ግራ ገባን! ዓመቱን በምን እናግኘው?
አንባቢ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ መታወቂያውን ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። የገጠር ሰው መታወቂያ ሲያወጣ ዕድሜው ብዙ ጊዜ በግምት ነው የሚሞላው። አያትዎ በ1917 ተወልደው ቢሆን ኖሮ ጣሊያን በመጋቢት 1933 ከሐረርና ከድሬዳዋ ሲወጣ 16 ዓመታቸው ነበር። በዚያ ዘመን የ16 ዓመት የገጠር ልጅ ወይ ታጭታለች ወይ ወልዳለች እንጂ ጥጃ ስትጠብቅ አትገኝም። ጥጃ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ሥራ ነው። ልደታቸው ወደ 1925 ይጠጋል።

እሳቸው የነገሯችሁ ግን ከመታወቂያው ይልቅ የታመነ ነው፤ ወንጌላዊውን፣ በዓሉንና የሳምንቱን ቀን አንድ ላይ ሰጥተዋችኋል። ሒሳቡ የባሕረ ሐሳብ ነው፣ በእጅ ስልክ ማስያ ይሠራል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ነው። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ያሉት የሉቃስ ዓመታት 1935፣ 1939፣ 1943፣ 1947፣ 1951 እያሉ ይሄዳሉ።

ቀጥሎ መስከረም 1 በምን ቀን እንደዋለ ይፈልጉ። 1943ን እንውሰድ። 5500 ሲደመር 7443 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1860 ነው፣ ቀሪው 3፣ ሉቃስ ማለት ነው። 7443 እና 1860 ሲደመሩ 9303 ይሆናሉ፤ ይህን ለ7 ያካፍሉ። ቀሪ ከሌለ መስከረም 1 ሰኞ ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያለ 6 እሑድ ይደርሳል። 9303 ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል፣ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 1943 ሰኞ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ምቹ ነገር አለ፦ ከመስከረም 1 እስከ ጥር 21 ድረስ ልክ 140 ቀን፣ ማለትም 20 ሳምንት ነው። አስተርዮ ማርያም ሁልጊዜ ዕንቁጣጣሽ በዋለበት ቀን ትውላለች። የቀሩትን የሉቃስ ዓመታት በዚሁ መንገድ ብታወጡ 1935 ዓርብ፣ 1939 ረቡዕ፣ 1947 ቅዳሜ፣ 1951 ሐሙስ ይሰጣችኋል። ሰኞ ያለው 1943 ብቻ ነው። ይህ አቆጣጠር በ28 ዓመት አንዴ ስለሚመለስ ሌሎቹ ተመሳሳይ ዓመታት 1915 እና 1971 ናቸው፤ ሁለቱም ለአያትዎ ዕድሜ አይሆኑም። ሠርጉ እሑድ ጥር 20 ቀን 1943 ነበር፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 28 ቀን 1951።

ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ዘመኑ ዮሐንስ ከሆነ ደግሞ የቀደመው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ድረስ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋል። ሌላው የተለመደ ስሕተት መታጨትን ከመዳር መቀላቀል ነው፤ በመካከላቸው ሁለትና ሦስት ዓመት ሊኖር ይችላል። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ «መጋቢት ላይ ተጋባን» ካለ ይጠርጥሩ። መጋቢት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ነው፣ በጾም ዳስ አይጣልም። የሚያስታውሱት የሽማግሌዎቹን ቀጠሮ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴን ስለ ወላጆቹ ጋብቻ ስጠይቀው «ሽማግሌ ተላከ፣ ተጋቡ» ከማለት አያልፍም። ምን ብዬ ልጠይቀው?
አንባቢ፣ ከሸንኮር፣ ሐረር

መልስ፦ አባትዎ አልዋሹም፤ ጥያቄው ሰፋባቸው። «እንዴት ተዋደዱ?» የሚለውንም ለጊዜው ይተዉት፤ የዚያ ዘመን ልጅ በአባቱ ፊት የማይናገረውን ልጁ ከየት ያመጣዋል? ገጠር ውስጥ ሠርግ ሲደገስ ትውልድ ይቆጠራል፣ ከብት ይቆጠራል፣ ዋስ ይጠራል፣ እማኝ ይቆማል። ሰው የሠርጉን ዓመት ይረሳና የተሰጠችውን ጥጃ ከነቀለሟ ያስታውሳል። ስለዚህ ስለ ተቆጠረው ይጠይቁ፣ በተቆጠረበት ቅደም ተከተል።

መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ። ስንት ነበሩ? እነማን ነበሩ? ስንት ጊዜ ተመላለሱ? በመጀመሪያው ቀን «እሺ» ማለት ነውር ነበርና የልጅቱ ወገን «ዘመድ እንጠይቅ» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። በዚያ ቀጠሮ መካከል የሚሠራው ዋና ሥራ ትውልድ ቆጠራ ነው፤ ለእርስዎም ሀብቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። በአማራ ክርስቲያን ቤተሰብ ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ቤት ተቆጥረው ካልተዛመዱ ነው ጋብቻው የሚፈቀደው። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ለብቻ፣ የሴቷ ወገን ለብቻ ነው የሚቆጥረው፤ ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች አሉ ማለት ነው፣ አንዱ ሌላውን ያርማል። ከአንድ ወገን ብቻ ሰምተው አይዝጉ።

በቆጠራው ላይ የሚሳሳቱት ሦስት ቦታ ነው። አንደኛው መነሻው ነው፦ አንዱ ቤት ከተጋቢዎቹ፣ ሌላው ከወላጆቻቸው ይጀምራል፤ ይህን ካልጠየቁ አንድ ትውልድ ይጠፋል ወይም ይደገማል። ሁለተኛው ስያሜው ነው። «ምንጅላት»፣ «እንጅላት» የሚሉት ስሞች ከቤት ቤት ቦታ ይቀያየራሉና በስያሜው አይመዝግቡ፣ «የእገሌ አባት እገሌ» እያሉ በጣት ያስቆጥሩ። ሦስተኛው የእናት ወገን ነው። በአባት መስመር ሰባት ስም በአንድ ትንፋሽ የሚደረድር ሽማግሌ በእናት በኩል ሦስተኛው ላይ ይቆማል። ያኔ አሮጊት ይጠይቁ፤ የሴት መስመር በሴት አፍ ነው የሚኖረው።

በሐረርጌ ገጠር ለኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ቆጠራው ከአገር አገር ይሻገራል። በ1879 ከተካሄደው የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ሐረርን ሲይዙ፣ ራስ መኮንንም እስከ 1898 ሲገዙ፣ ብዙ ሰው ከሸዋ መጥቶ ሰፍሯል። በ1940ዎቹ የተጋባ ሰው አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ጋ ሲደርስ ቦታው መንዝ፣ ተጉለት ወይም ቡልጋ ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን «የት ተቀበረ?» ብለው ይጻፉ። ከሁሉ ይልቅ የሚረዳው ይህ ጥያቄ ነው፤ የመቃብሩ ደብር ስም ፍለጋውን ይመራል። ቤተሰብዎ የሐረሪ፣ የሶማሌ ወይም የአርጎባ ሙስሊም ከሆነ ግን ሰባት ቤት አይጠይቁ። የአጎት ልጅ ማግባት የተፈቀደ በመሆኑ ያ ቆጠራ አይኖርም፤ በምትኩ የወሊውን፣ ማለትም ሙሽሪትን ወክሎ የዳራትን ሰው፣ ማንነት ይያዙ።

ከዚያ የተሰጠው ነገር ይመጣል። ሁለቱ ወገን ለጎጆ መውጫ የሰጠውን ከብት ከወንዶች፣ ጥሎሹን ከሴቶች ይጠይቁ። ወንዶች ቀሚሱንና አምባሩን አያስታውሱም፤ ሴቶች ደግሞ የበሬውን ዋጋ ያበዙታል። ጋብቻው በሰማንያ ነበር ወይስ በቁርባን? በሰማንያ ከሆነ እማኝና ዋስ ነበረ። ዋስ የሚሆነው የታመነ ቅርብ ሰው ስለሆነ ስሙ ዝምድና ይጠቁማል። መሐላውንም ይጠይቁ፦ «ምኒልክ ይሙት» ተብሎ ከተማለ እና «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ተብሎ ከተማለ ዘመኑ ራሱ ይለያል።

በመጨረሻ የሙሽሪት ስም። የቤት ስም፣ የክርስትና ስም፣ አማት ያወጣችላት ስም፤ አንዲት ሴት ሦስቱም ሊኖራት ይችላል። በክርስትና መዝገብ የጠፋች አያት አብዛኛውን ጊዜ የምትፈለገው አማቷ ባወጣችላት ስም ስለሆነ ነው።

ስለ አቀራረጹም አንድ ሁለት ነገር። ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ ያድርጉት፤ መሐል ላይ የሚገባ ጥሪ ቅጂውን ይቆርጠዋል። መጀመሪያ ቀን፣ ቦታና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ይናገሩ። ከ45 ደቂቃ በላይ አያስቀምጧቸው፣ በተለይ ቆላ ከሆኑ፤ ፀሐይ በረድ ሲል፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ጨዋታው ይከፈታል። ያን ዕለት ማታ ቅጂውን ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ሚዜ የነበረ ሰው በሕይወት ካለ ከሁሉ አስቀድሞ እሱ ይጠየቅ።

ጥያቄ፦ የአያቶቼ የጋብቻ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቋል። በእንፋሎት ላላቀው?
አንባቢ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ በፍጹም! ምስሉ ያለበት ንጣፍ በሙቀትና በእርጥበት ለስልሶ ነው መስታወቱን የያዘው፤ እንፋሎት ሲነካው ምስሉ መስታወቱ ላይ ቀርቶ ባዶ ወረቀት ይወጣልዎታል። ከነመስታወቱ ፎቶ ያንሡት፦ በጥላ በኩል ባለ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ከስልኩ ጀርባ ጥቁር ጨርቅ ይዘው ነጸብራቁን እየከለከሉ፣ ከተለያየ ማዕዘን አራት አምስት ጊዜ። አዲስ ፍሬም ስታሠሩ በፎቶውና በመስታወቱ መካከል 2 ሚሊ ሜትር የካርቶን ክፈፍ ይግባ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አይጻፍ፣ ለስላሳ እርሳስ ይበቃል። ሠርጉንም በፎቶው አይተምኑ። የገጠር ባልና ሚስት ከተማ ወርደው የተነሡት ከተጋቡ ወራት ወይም ዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል፣ ኮቱም የስቱዲዮው ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ አባባና አኮ (ሴት አያቴ) ሀሮማያ አካባቢ ሸጎዬ ጭፈራ ላይ ተያይተው ነው የተጋቡት ይባላል። በዓረብኛ የተጻፈ የኒካሕ ወረቀት አለን፤ ሸዋል 1374 ይላል፣ መህሩም (ባል ለሚስቱ የሚሰጠው) በሪያል ነው። አባባ ሳውዲ ሄዶ አያውቅም። ምን ማለት ነው?
አንባቢ፣ ከጁገል፣ ሐረር

መልስ፦ ሪያሉ የሳውዲ አይደለም። በዓረብኛ ጽሑፍ የማርያ ቴሬዛ ብር፣ የእኛው ጠገራ፣ ሪያል ይባል ነበር። ጠገራ 28 ግራም ያህል የሚመዝን ብር ነው፤ ሁሉም ላይ 1780 ተብሎ ስለተቀረጸ ቤት ውስጥ የተረፈ ካለ በእሱ ዓመት ለማውጣት አይሞክሩ። መንግሥት በ1937 የወረቀት ብር ካወጣ በኋላም ገጠሩ በጠገራ መዋዋሉን ወዲያው አልተወም፣ ስለዚህ በ1940ዎቹ ወረቀት ላይ መገኘቱ አያስገርምም።

ዓመቱን በግምት ለማግኘት ሂጅራውን በ0.97 አባዝተው 614 ይደምሩ፦ 1374 ወደ 1946 እና 1947 ይወስድዎታል። ወሩ ሲታይ ይጠብባል። የ1374 ሸዋል የገባው በግንቦት 1947 አጋማሽ ነው፤ ኒካሑ በግንቦት ወይም በሰኔ 1947 ታስሯል። ጨረቃ በማየት ስለሚቆጠር የአንድና የሁለት ቀን ልዩነት ይኖራል። የሳምንቱ ቀን ከተጻፈ ቀኑን በእሱ ያርሙ።

ቁጥሮቹን ሲያነቡ ይጠንቀቁ፦ በዓረብኛ አጻጻፍ አምስት ክብ ነው፣ የእኛን ዜሮ ይመስላል፤ ዜሮው ደግሞ ነጥብ ብቻ ነው። የ50 ሪያል መህር በቀላሉ አምስት ይጠፋበታል። ሰባትና ስምንት አንዱ የሌላው ግልባጭ ስለሆኑ ፎቶው ተገልብጦ ከተላከልዎ ይቀያየራሉ። ከመህሩ ሌላ የሙሽራው፣ የሙሽሪት፣ የወሊው እና የሁለት ምስክሮች ስም አለ፤ መህሩም በእጅ የተሰጠና የቆየ ተብሎ ሊከፈል ይችላል። ወሊው አባቷ ካልሆነ አባቷ ያኔ ሞተው ነበር ወይም ርቀው ነበር ማለት ሊሆን ይችላልና ያንን ተከታተሉ። የቃዲና የናኢባ (የሸሪዓ) ፍርድ ቤቶች በ1934 ታውጀው በ1936 በሌላ አዋጅ እንደገና ስለተቋቋሙ፣ ከዚያ ወዲህ በፍቺ ወይም በውርስ ክርክር የተነሣ ጋብቻ ፋይል ሊኖረው ይችላል።

ሸጎዬውን አትተዉት። በአረፋና በሠርግ ሰሞን ወንዱና ሴቱ ፊት ለፊት ቆሞ የሚጨፍርበት ስለሆነ መተያያው እዚያ መሆኑ የሚታመን ነው። አኮን «ምን ተዘፈነ?» ብለው በኦሮምኛ ያዘፍኗቸው፣ ቃሉንም እንዳለ ይጻፉ እንጂ ወደ አማርኛ አይመልሱት። የመንደርና የጎሳ ስም ከገባበት የሚጠፋው ሲተረጎም ነው።

ጥያቄ፦ በ1950ዎቹ ለተጋቡ አያቶቼ የጋብቻ ምስክር ወረቀት የት ላግኝ?
አንባቢ፣ ከለገሀር፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ የዛሬው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2008 መጨረሻ ስለሆነ እዚያ የተመዘገበ አያገኙም። በቁርባን ከሆነ ደብሩን ይጠይቁ። ከሞቱ ደግሞ የወራሽነት ማስረጃ የተጠየቀበትን የፍርድ ቤት ፋይል ይፈልጉ፤ የምስክሮች ቃልና የልጆች ዝርዝር ያለው እዚያ ነው። አያትዎ የባቡር ሠራተኛ ከነበሩ የጡረታ ፋይላቸው ሚስትና ልጆችን ይዘረዝራል፤ የድሮው በፈረንሳይኛ ነውና ቀኑ የፈረንጅ መሆኑን፣ ስሙም በፈረንሳይኛ ሆሄ መጻፉን አይርሱ። የሙሽሪት ዕድሜ «15» ከተባለ አይመኑ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዝቅተኛ ዕድሜ ስላደረገ 15 ብዙ ጊዜ ሕጉን ለማሟላት የተጻፈ ነው። ሁለቱም 18 የሆኑት በ1992 በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድ አያቴ «ጠልፌ ነው ያመጣኋት» እያሉ ይስቃሉ። ሴት አያቴ ዝም ይላሉ። በቤተሰብ ታሪኩ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ?
አንባቢ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ሳቁን ይዘው አይጻፉ። «ጠለፋ» በሚባለው ስም ሥር ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ተደብቀዋል። አንዱ ልጅቱና ልጁ ተስማምተው፣ የወላጅ እምቢታን ወይም የድግሱን ወጪ ሸሽተው የሄዱበት ነው። ሌላው በጉልበት የተደረገ ነው። የሚለዩት በዝርዝሩ ነው፤ ዝርዝሩን የሚያውቁትም ሴት አያትዎ ናቸው፤ ባላቸው በሌሉበት ቢጠየቁ ይሻላል። ልብስ ይዘው ወጥተዋል? ማን አብሯቸው ነበር፣ የሴት ጓደኛ ወይስ የወንዱ ወገን ብቻ? ከየት ነው የተወሰዱት፣ ከውኃ መንገድ፣ ከገበያ ወይስ ከቤት? ሽማግሌ በስንተኛው ቀን መጣ? ካሣ ተከፈለ? ጥሎሹ ቀረ ወይስ ተሟላ? ልብስ ተቋጥሮ፣ የሴት ጓደኛ ሸኝታ፣ ሽማግሌ በሁለተኛው ቀን ከደረሰ ስምምነት ነበረ ማለት ይቀርባል። ከውኃ መንገድ ባዶ እጅ ተወስደው የወንድሞቻቸው ቂም ለዓመታት ከቆየ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሕጉ የቀድሞ ዝምታን ያስረዳል። በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ኋላ ካገባት ክሱ ይቀር ነበር፤ ሽማግሌዎች ለማጋባት የሚቻኮሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘግቶታል።

አያትዎ መናገር ካልፈለጉ አያስገድዷቸው፤ በጽሑፉም የባላቸውን ቃል ብቻ «እሳቸው እንዳሉት» ብለው ያስቀምጡ፣ የሴት አያትዎን ቦታ ባዶ ይተዉት። ተናግረው «ካለፍኩ በኋላ ይነበብ» ካሉ በሁለት ቅጂ አስቀርጸው፣ ወረቀቱን በፖስታ አሽገው፣ በውጭው ላይ ማን እንደሚከፍተውና መቼ እንደሚከፈት ራሳቸው እንዲያስጽፉ ያድርጉ።